ደመወዙ ከጤና መድን የሚከፈል ባልንጀራ

በዚህ ገጽ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፥ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ ባልትና ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ የምናነሣው ነገር ግን እንግዳ በመጣ ጊዜ መጋረጃ የሚጋረድበት ነው። በብዙ ቤት ውስጥ አንድ ወንድም፥ ወይም አንዲት እኅት፥ ወይም አንድ ልጅ ከጓዳ እንዳይወጣ ተደርጎ ይኖራል፤ ስለ እርሱ የሚጠይቅ ዘመድ ቢመጣ «ደኅና ነው፤ አገር ቤት ሄዷል» ይባልለታል። ሕመሙ የአእምሮ ሕመም ነው፤ ወይም የመጠጥና የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ነው። እግሩ የተሰበረውን ሰው ጎረቤት ሁሉ አጥሚት ይዞ ይጠይቀዋል። አእምሮውን የታመመውን ግን የገዛ ቤተ ሰቡ እንኳ ስሙን የሚያነሣው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

ይህ ጠባይ የኛ አገር ብቻ እንዳይመስል አንባቢዎቻችንን እናስታውሳለን፤ በባሕር ማዶም እንዲሁ ነበር፥ በብዙ ስፍራም ገና አልቀረም። ስለዚህ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ተጀምሮ አሁን ወደ ብዙ ግዛት የተስፋፋውን አንድ ሥራ ለመግለጽ አሰብን። ይኸውም በዚህ ሕመም ውስጥ አልፎ ደኅና የሆነ ሰው ሌላውን ሕመምተኛ እንዲረዳና ስለ ድካሙም መንግሥት ካቆመው የጤና መድን ዋጋ እንዲከፈል የሚያደርግ ሥርዓት ነው። እኛ ይህን ሠራተኛ በዚህ ጽሑፍ «ረዳት ባልንጀራ» ብለን እንጠራዋለን፤ ባልንጀራ የሚለው ቃላችን አብሮ የበላና አብሮ የከረመ ሰውን የሚያሳስብ ነውና ለነገሩ ተስማሚ ሆኖ አግኝተነዋል። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍናቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሐሳቡ ግን ሥሩ አሜሪካ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፥ ፓሪስ አጠገብ ቢሴትር በሚባለው ሐኪም ቤት፥ ሙሴ ዣን ባፕቲስት ፒዩሳን የሚባሉ ሰው ነበሩ። ቆዳ የሚያለፉ ሠራተኛ ነበሩ፤ በ1771 ወደዚያ የገቡትም የአንገት ዕጢ ታመው፥ ሊታከሙ ነው። ከዳኑ በኋላ በዚያው ቀርተው ሠራተኛ ሆኑ፤ ቆይቶም አእምሯቸውን የታመሙት ሰዎች የሚኖሩበት ክፍል አስተዳዳሪ ሆነው ተሾሙ። በዚያ ዘመን እነዚህ ሕመምተኞች በሰንሰለት ታስረው ይኖሩ ነበር። ሙሴ ፒዩሳን አሳዳሪዎቹ እንዳይመቱ ከለከሉ፤ በ1797 ሰንሰለቱን አስፈቱ። ሠራተኞችንም ከዳኑት መካከል ይመርጡ ነበር፤ የታሰረ ሰው የእስራትን ነገር ያውቃልና ለመምታት እጁ አይቸኩልም። ዝነኛው ሐኪም ዶክተር ፊሊፕ ፒኔል በ1793 ወደ ቢሴትር ሲመጡ ብዙውን ነገር የተማሩት ከእኒህ ሰው ነው። ይሁን እንጂ በሥዕልና በመጻሕፍት ሰንሰለት ፈቺ እየተባሉ ኖረው የተመሰገኑት ዶክተር ፒኔል ናቸው። ሥራው የአንዱ ሆኖ ምስጋናው ወደ ባለ ማዕርጉ ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ የመጨረሻውም አልሆነ።

በአሜሪካም ሚስተር ክሊፎርድ ቢርስ የሚባሉ የዬል ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከ1900 እስከ 1903 ድረስ በአእምሮ ሕመም በልዩ ልዩ ሐኪም ቤቶች ተኝተው፥ የደረሰባቸውን ግፍና ያገኙትን ርኅራኄ ሁሉ በ1908 በመጽሐፍ ጽፈው አወጡ። የብዙ ሰው አስተሳሰብ የተለወጠው በዚህ መጽሐፍ ነው። የታመመ ሰው ስለ ሕመሙ ሊናገር እንደሚችል፥ ቃሉም ሊታመን እንደሚገባ በዚያ ጊዜ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የነገሩን ምሥጢር የሚያሳየን በ1935 በሜይ ወር በኦሃዮ ግዛት በአክረን ከተማ የሆነው ነው። ሚስተር ቢል ዊልሰን የሚባሉ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ ለንግድ ጉዳይ ወደዚያች ከተማ መጥተው ነበር፤ መጠጥ ከተዉ ገና ጥቂት ወራቸው ነው። ጉዳያቸው ሳይሳካ ቀረ። በሆቴሉ አዳራሽ ብቻቸውን ቆመው ሳሉ ከመጠጥ ቤቱ የሚሰማው የሰው ጨዋታ ይጠራቸው ጀመር። በዚያን ጊዜ ከመውደቅ የሚያድናቸው ነገር እንደ እርሳቸው በመጠጥ ከተጎዳ ሌላ ሰው ጋራ መነጋገር ብቻ እንደ ሆነ አሰቡና ወደማያውቋቸው ሰዎች ስልክ ይደውሉ ጀመር። በመጨረሻም ዶክተር ሮበርት ስሚዝ ከሚባሉ፥ በመጠጥ ምክንያት ሥራቸው ሊጠፋ ከተቃረበ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋራ ተገናኙ። ዶክተሩ 15 ደቂቃ ብቻ ለመቆየት ተስማምተው መጡ፤ ከ6 ሰዓት በላይ ተቀመጡ።

ዶክተር ስሚዝ ስለ መጠጥ ጉዳት ሳይሰሙ የቀሩት ምክር አልነበረም፤ እርሳቸው ራሳቸው ሐኪም ናቸውና። ነገር ግን የሚያነጋግራቸው ሰው ያንኑ ሌሊት ራሱ ያደረ፥ ጠርሙስ የት እንደሚደበቅ፥ ሚስት በምን እንደምትታለል በራሱ የሚያውቅ ሰው ነበር። በጁን 10 ቀን 1935 ዶክተር ስሚዝ የመጨረሻውን መጠጥ ጠጡ፤ ይህም ቀን «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የተባለው፥ ስማቸውን የማይገልጹ ጠጪዎች ማኅበር የተመሠረተበት ቀን ሆኖ ይቆጠራል። በ2020 የታተመ አንድ ትልቅ ምርመራ 27 ጥናቶችንና 10,565 ሰዎችን አጠቃልሎ ሲመለከት፥ ሰዎችን ወደዚህ ማኅበር መንገድ የሚመራ ሕክምና መጠጥን ጨርሶ በማስተው ረገድ ከሌሎቹ የታወቁ ሕክምናዎች የማያንስ፥ በአንዳንዱም የሚበልጥ ሆኖ ተገኝቷል።

ማኅበሩ ግን ከውጭ ገንዘብ አይቀበልም፤ የሚኖረው በአባሎቹ መዋጮ ነው። አንዱ አባል ሌላውን ስለ መርዳቱ ደመወዝ እንዳይቀበልም በ1950 ባጸደቀው ደንብ ወስኗል። እንግዲህ አንባቢ «ወዳጅነት በነጻ የሚገኝ ከሆነ መንግሥት ስለ ምን ይከፍላል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የተገባ ነው። እኛም መጀመሪያ ነገሩን በሰማን ጊዜ ይህንኑ ጠይቀናል፤ እውነቱን ለመናገር «ጓደኝነትም በደመወዝ ሆነ!» ብለን ነበር። በኋላ ግን ነገሩን ስንመረምር እንዲህ ሆኖ አገኘነው። ማኅበሩ በተለይ የሚጠቅመው በእግሩ ሄዶ ለሚደርስ ሰው ነው። በሐኪም ቤት አልጋ ላይ የተኛው፥ ከእስር ቤት ዛሬ የወጣው፥ ድምፅ እየሰማ በሩን ዘግቶ የተቀመጠው ሰው ወደ ስብሰባ አይሄድም፤ ወደ እርሱ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ይህንንም በየቀኑ፥ ከጧት እስከ ማታ የሚያደርግ ሰው የሚበላው ሊኖረው ይገባል። ከሕመሙ የዳነው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሀብቱን በሕመሙ የጨረሰ ነው። በነጻ ሥራ ማለት ሀብታም ብቻ ይሥራ ማለት ይሆናል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ነገር እንመለስ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በጁላይ 30 ቀን 1965 በፈረሙት ሕግ ሁለት የመንግሥት የጤና መድኖች ቆመዋል። አንደኛው «ሜዲኬር» ይባላል፤ እርሱም ዕድሜያቸው 65 ዓመት ለሞላና ለአንዳንድ አካለ ስንኩላን ነው። ሁለተኛው «ሜዲኬይድ» ይባላል፤ እርሱም ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች ነው። ሜዲኬይድን እያንዳንዱ ግዛት ራሱ ያስተዳድረዋል፤ ከሚወጣው የሕክምና ወጪ ግን በጥቂቱ ከመቶ 50 የሚከፍለው የመካከለኛው መንግሥት ነው። ሐኪም ቤት ገብቶ መተኛትን የመሰለው ነገር ለሁሉም ግዛት ግዴታ ሲሆን፥ የረዳት ባልንጀራ አገልግሎት ግን ግዛቱ ከወደደ የሚጨምረው ነው።

በመጀመሪያ የወደደው የጆርጅያ ግዛት ሆነ። በ1999 ይህ ግዛት የረዳት ባልንጀራን ሥራ በሜዲኬይድ የሚከፈልበት ራሱን የቻለ አገልግሎት አደረገው፤ ከዚያም ለሠራተኞቹ ትምህርትና የምስክር ወረቀት አዘጋጀ። ሌሎች ግዛቶች እየተመለከቱ ተከተሉ። በኦገስት ወር 2007 የመካከለኛው መንግሥት ለግዛቶቹ የሜዲኬይድ ሹሞች ሁሉ ደብዳቤ ጽፎ፥ ይህ አገልግሎት ፍሬ እንዳለው ተቀብሎ፥ ገንዘቡ እንዲከፈል ሊሟሉ የሚገባቸውን ሦስት ነገሮች አስታወቀ። ረዳቱ ብቻውን አይሠራም፥ ግዛቱ የፈቀደለት ባለ ሙያ ይቆጣጠረዋል። ሥራው ሕመምተኛው ራሱ ተካፋይ ሆኖ ባወጣው የሕክምና ዕቅድ ውስጥ የተጻፈ መሆን አለበት። ረዳቱም ተምሮ የምስክር ወረቀት መያዝ፥ ትምህርቱንም በየጊዜው ማደስ ይገባዋል። በ2018 በሱስ ለተያዙ ጎልማሶች ይህን አገልግሎት በሜዲኬይድ የሚከፍሉት ግዛቶች 37 ደርሰው ነበር። ሜዲኬር ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከባድ የአእምሮ ሕመምን ለመሰለ ነገር በሐኪም ትእዛዝ የሚሠራውን ረዳት ባልንጀራ መክፈል ጀምሯል።

የሥራው ዋጋ የሚቆጠርበት መስፈሪያ 15 ደቂቃ ነው። አንባቢ ከላይ የጻፍነውን የአክረንን 15 ደቂቃ ያስታውስ። አንድ ረዳት ከሕመምተኛው ጋራ አንድ ሰዓት ቢቀመጥ አራት መስፈሪያ ብሎ ይጽፋል፤ ምን እንደ ተነጋገሩ፥ ከዕቅዱ የትኛው ክፍል እንደ ተሠራም ጨምሮ ይመዘግባል። በሩን አንኳኩቶ ሳይከፈትለት በረንዳ ላይ የቆመበት ሰዓት ግን አይከፈልም። ይህን ሥራ ከሚያውቅ ሰው ሁሉ ዘንድ የሚሰማው ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው፤ ዋናው ሥራ ብዙ ጊዜ እዚያ በረንዳ ላይ የሚሠራ ነውና። በሌላ በኩል ግን የሕዝብ ገንዘብ ያለ ደረሰኝ አይወጣም፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ አንባቢዎቻችን ይህን ለማስረዳት አያስፈልጓቸውም። እኛ በበኩላችን ደረሰኙ ቀርቶ ሥራው ከሚቀር ደረሰኙ ኖሮ ሥራው ቢደረግ ይሻላል እንላለን፤ መስፈሪያውን የሚያወጡት ሰዎች ግን አንድ ቀን በዚያ በረንዳ ላይ ቢቆሙ ደስ ይለን ነበር።

ረዳት ባልንጀራ የሚሠራው ምንድር ነው? መድኃኒት አያዝዝም፤ ስለ ሕመሙ ዓይነትም አይፈርድም። ሕመምተኛው ወደ ሐኪም በሚሄድበት ቀን አብሮት በአውቶቡስ ይሄዳል፤ ሐኪሙ ፊት ሊናገር የፈራውን ነገር አስቀድሞ ከእርሱ ጋራ ይለማመደዋል። የመድኃኒቱ ክፉ ጠባይ ሰውነትን ሲያከብድና ሲያወፍር እርሱም አይቶታልና «ታገሥ» ብቻ አይለውም፤ ለሐኪሙ እንዴት እንደሚነገር ያሳየዋል። የቤት ኪራይ ወረቀት ይሞላለታል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሕመምተኛው «ከዚህ የወጣ ሰው አለን?» ብሎ በልቡ ሲጠይቅ መልሱ ፊቱ ተቀምጧል። ይህን መልስ ሐኪሙም፥ እናትም፥ ካህንም ሊሰጡት አይችሉም።

ፍሬው በምርመራ ተመዝኗልን? በ2013 የታተመ አንድ ምርመራ 11 ጥናቶችን ሲያጠቃልል፥ ከሕመም ያለፉ ረዳቶች በባለ ሙያዎች ስፍራ ሲሠሩ ውጤታቸው ከባለ ሙያዎቹ የማይሻል፥ የማይከፋም መሆኑን ተናግሯል። በ2018 በእንግሊዝ አገር የታተመው ጥናት ግን የተሻለ ተስፋ ይሰጣል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ይዟቸው በአስቸኳይ የታከሙ 441 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፥ አንዱ ወገን ከባልንጀራ ረዳት ጋራ እየተገናኘ ስለ ራሱ አጠባበቅ ተማረ፥ ሌላው ወገን የትምህርቱን መጽሐፍ ብቻ ተቀበለ። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ አስቸኳይ ሕክምና የተመለሱት ከመጀመሪያው ወገን ከመቶ 29፥ ከሁለተኛው ከመቶ 38 ሆኑ። መጽሐፉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ አብሮ የሚያነበው ሰው ነው። ከመቶ ዘጠኝ ትንሽ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ልጁን በሌሊት ይዞ ወደ ሐኪም ቤት የሮጠ አባት ይንገረው።

ችግሩን ሳንጽፍ ብናልፍ አንባቢን ማታለል ይሆናል። የረዳቶቹ ደመወዝ በብዙ ስፍራ ትንሽ ነው። በሱስ ዘመናቸው የተፈረደባቸውን ፍርድ ምክንያት አድርገው አንዳንድ ደንቦችና ቀጣሪዎች ሥራውን ይከለክሏቸዋል፤ ለሥራው የሚያበቃቸው ያለፈው ኑሮ ራሱ ከሥራው ያስወጣቸዋል ማለት ነው። ረዳቱም ሰው ነውና ራሱ ተመልሶ ሊታመም ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ቀጣሪው እንደ ማንኛውም ታማሚ ሠራተኛ ያስታምመዋል ወይስ ያባርረዋል የሚለው ነገር ቤቱን ሁሉ የሚፈትን ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ሥጋት ደግሞ መጥቷል። በጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ሕግ፥ በሰፋው ሜዲኬይድ የሚጠቀሙ ብዙ ጎልማሶች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ወይም መማራቸውን እንዲያስረዱ ግዛቶቹ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ድረስ ሥርዓት እንዲያቆሙ ታዝዟል። ሕጉ በሱስ የተያዙትንና በአእምሮ ሕመም መሥራት ያልቻሉትን ከዚህ ግዴታ ነጻ ያደርጋቸዋል። ነገር ግን ነጻ መሆኑን ማስረዳት ያለበት ደብዳቤ ሲመጣለት የማይከፍተው ሰው ነው። በልቡ ኀዘን የተያዘ ሰው ያልተከፈተ ፖስታ በጠረጴዛው ላይ እንደሚከምር ያየ ሁሉ ያውቃል። መድኑ ሲቋረጥበት ሐኪሙም፥ ያ ፖስታውን አብሮት ሊከፍት ይችል የነበረው ረዳት ባልንጀራም በአንድ ቀን ይቋረጡበታል።

ይህ ነገር ወገኖቻችንንም ይነካል። በዋሽንግተንና በአካባቢው፥ በሚኔሶታም ሆነ በሌሎቹ ግዛቶች የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ታክሲ የሚነዱ፥ በሆቴልና በአረጋውያን ቤት የሚያገለግሉ፥ ከእነርሱም ሜዲኬይድ የያዙ። ያው የ2025 ሕግ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ የስደተኛነት ወይም የጥገኝነት ፈቃድ ብቻ ይዘው የቋሚ ነዋሪነት ወረቀት ያላገኙትን ብዙ ሰዎች ከሜዲኬይድ ውጭ የሚያደርግ አንቀጽ አለበት። ስለዚህ በቤቱ ሕመምተኛ ያለበት ሰው የወረቀቱን ነገር ለነገ የሚያሳድረው አይደለም።

መድኑ ያላቸውስ? በመጀመሪያ የሚያግዳቸው ኀፍረት ነው። ልጁ ታሞ እናቲቱ ወደ ጠበል ይዛው ትሄዳለች፤ መልካም ነው፥ የሚከለክላት የለም፤ ከጠበሉ ሲመለስ ግን ሐኪምና ባልንጀራ ቢጠብቁት ምን ይጎድላል? ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ባልንጀራ ማለት በአስተርጓሚ የሚነጋገሩት ሰው ብቻ ሲሆን ግማሹ ይቀራል። «ጋሼ፥ እኔም እንደ እርስዎ እዚያች ፎቅ ላይ ተኝቻለሁ» ብሎ በአማርኛ የሚናገር ረዳት አንድ ሽማግሌን ሊያስነሣ ይችላል፤ ይኸው ቃል ተተርጉሞ ሲደርሳቸው ግን ዜና ይሆናል። እንግዲህ ከዚህ መከራ ያለፉ ወገኖቻችን ትምህርቱን ገብተው የምስክር ወረቀቱን ቢይዙ ለራሳቸውም እንጀራ ነው። ለልጁ የሚሆነውን ገንዘብ የሚያዋጣ ማኅበርና ዕድር በየከተማው እንዳለ እናውቃለን፤ ለቀብር የተዋጣው ሲቀመጥ፥ ለዚህ ትምህርት መክፈያ አንድ ሰው መምረጥ ከዕድር ደንብ የሚወጣ አይመስለንም።

አንድ ቤተ ሰብ አገልግሎቱን ሲፈልግ እንዲህ ያደርጋል። በመድኑ ካርድ ጀርባ በተጻፈው ስልክ ደውሎ፥ ግዛቱ በአእምሮ ሕመም ወይም በሱስ ረገድ የባልንጀራ ድጋፍ ይከፍል እንደ ሆነና በአቅራቢያው የትኛው ክሊኒክ እንደሚሰጥ ይጠይቃል። አስተርጓሚ በነጻ እንዲመጣለት መጠየቅ ይችላል፤ ከመካከለኛው መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት ይህን ማቅረብ ግዴታው ነው፥ ልጅን ለእናቱ ሕመም አስተርጓሚ ማድረግም አይገባም። ከዚያም ሕመምተኛው ራሱ ዕቅዱ ሲጻፍ ረዳቱን እንዲያስጽፍ ያስፈልጋል፤ በዕቅዱ ያልተጻፈ አይከፈልምና።

ብዙዎች «ስማችን በአገር ይወጣል» ብለው ይፈራሉ። የመካከለኛው መንግሥት ባወጣው ደንብ፥ በመንግሥት ገንዘብ የሚረዳ የሱስ ሕክምና ክሊኒክ፥ በሕግ ተለይተው ከተጻፉት ጥቂት ምክንያቶች በቀር፥ ሕመምተኛው በጽሑፍ ሳይፈቅድ መዝገቡን ለማንም ሊሰጥ አይችልም። ለአሠሪውም፥ ለጎረቤቱም፥ ስልክ ደውላ ለምትጠይቀው አክስቱም ቢሆን፥ እዚያ መታከሙንና አለመታከሙን እንኳ አይናገሩም።